«ነገ እደውላለሁ»፦ ቤቱ፣ ምቱና አዝማቹ ላይ አስተያየታችሁን ስጡኝ

የማታ ፈረቃ (ሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ይህችን ግጥም በቅርቡ እዚህ ሜሪላንድ በሚዘጋጅ የግጥም ምሽት ላይ ላነባት አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ ሰምቶ «ደስ ትላለች፣ ግን አንድ ቦታ ታነክሳለች» አለኝ። የቱ ጋ ብለው «እንጃ፣ ጆሮዬን ቆረቆረኝ» ብሎ አለፈ። እናንተ ደግሞ ስንኝ መበለት ትወዳላችሁ። እንግዲህ በልቱልኝ።

ሦስት ነገር ብቻ ንገሩኝ። ቤቷ (የስንኞቿ መጨረሻ) ይመታል ወይ? ምጣኔዋ ልክ ነው ወይ? «ነገ እደውላለሁ» የሚለው መመላለሱ አያሰለችም ወይ? «ያንቺ ታሪክ ነው?» የሚል ጥያቄ ግን አልመልስም።

*ነገ እደውላለሁ*

ነገ እደውላለሁ፣ ዛሬስ መሽቶብኛል፤
ሥራው ቀኑን ሙሉ አድክሞ ጥሎኛል።
እማዬም ታውቃለች ሥራ እንደሚበዛኝ፤
ደግሞም ቅዳሜ ነው ወሬ የሚመቸኝ።

ነገ እደውላለሁ፣ ቅዳሜም ደረሰ፤
ገበያው እጥበቱ ቀኑን ጨራረሰ።
ያመለጠ ጥሪ ሁለት ቀይ አየሁኝ፤
ሰላም ነች ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁኝ።

ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እሑድ አይደል፤
አንዲት ቀን ባሳልፍ ምኑ ላይ ነው በደል።
ሌሊት ተደወለ፣ ወንድሜ ነው ደዋይ፤
ሳግ ብቻ ሰማሁኝ ከባሕር ማዶ ላይ።

እስካሁን ስልኬ ላይ ስሟን አልሰረዝኩም፤
ይጠራል አይጠራም ሞክሬው አላውቅም።
ነገ እደውላለሁ።

---

ብርሌ (ሰኞ ማታ)

ሆዴን በላሽው። ስለ ምጣኔ ብዙም አላውቅም፣ ግን ቆጠርኩ። «ነገ እደውላለሁ» ስምንት ፊደል ነው። «ዛሬስ መሽቶብኛል» ደግሞ ዘጠኝ። እንዲህ እየተዘበራረቀ እንዴት ነው ምጣኔ አለው የሚባለው? ወዳጅሽ ያነክሳል ያለው ይሄን ይሆን?

---

ስንኝ ቆጣሪ (ሰኞ ማታ)

ብርሌ፣ ፊደል አይቆጠርም። የሚቆጠረው ቀለም ነው፣ አፍ አንዴ ተከፍቶ የሚያወጣው ድምፅ። ችግሩ ሁሌም ሳድስ (እንደ «ስ» እና «ል» ያለ ስድስተኛ ፊደል) ላይ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ጭጭ ይላል። «ስልኬ» በል። «ስ» ይሰማል፣ «ል» ግን ለብቻው አይቆምም። ስል–ኬ። ሁለት ቀለም።

አሁን የእህታችንን እንየው።

ዛ–ሬስ–መሽ–ቶ–ብ–ኛል። ስድስት።
ያ–መ–ለ–ጠ–ጥ–ሪ። ስድስት።
እስ–ካ–ሁን–ስል–ኬ–ላይ። ስድስት።

እነዚህ ሐረጎች፣ የስንኝ ግማሾች ናቸው። ስድስት እና ስድስት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት። ይሄ የወል ቤት ነው። እንጉርጉሮው፣ ሙሾው፣ የሠርጉ ግጥም፣ አብዛኛው በዚሁ ነው የሚሄደው። መንግሥቱ ለማ በ1963 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር በእንግሊዝኛ የጻፈው ጽሑፍ አለ። ይህን ቆጠራ ከሰንጎ መገኑ (አምስት አምስት) እና ከቡሄ በሉው (አራት አራት) ጋር ለማነጻጸር ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ስምንት ስምንት እያደረገ ስለጻፈ ያኛው «የጸጋዬ ቤት» ይባላል።

ወደ አዝማቹ ልመለስ። «ነገ እደውላለሁ» ስትለው አፍህ ምን ይላል? ቀስ ብለህ በለው። «ነገ» ላይ ያለው የመጨረሻ ድምፅ «እ»ን ይውጠዋል። መጨረሻ ላይ ያለው «ለሁ» ደግሞ በንግግር «ለው» ነው። ስለዚህ፦

ነ–ገ–ደ–ው–ላ–ለው። ስድስት።

በጽሑፍ ስምንት ፊደል፣ በአፍ ስድስት ቀለም። ይሄ የሚደነቅ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ስልኩን አስቀምጦ እንዲሁ ለራሱ የሚላትን ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይነካካት ወደ ሐረግ አስገብታታለች። ግጥም ለመምሰል የተጣመመ ነገር የለውም።

የሚያነክሰው ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛው አንጓ፣ «ነገ እሑድ አይደል»። እዚያው ስንኝ ውስጥ መጀመሪያ «ነገ እደውላለሁ» ስትይ «እ»ን ውጠሻታል። ወዲያው «ነገ እሑድ» ስትይ ደግሞ ካልቆጠርሻት አምስት ቀለም ብቻ ይቀርሻል፦ ነ–ገ–ሑድ–አይ–ደል። ስድስት እንዲሆን «እ»ን በግድ ማሰማት አለብሽ። አንዷን እ በልተሽ ሌላዋን ታስጮኺያለሽ። የወዳጅሽ ጆሮ እዚህ ጋ ነው የቆረቆረው። እኔ ብሆን አስተካክላታለሁ።

---

ቤት አልባ (ሰኞ ሌሊት)

ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች። እናቷን ያጣች ሰው አምስት ይሁን ስድስት ብላ ትቆጥራለች? ቆጠራ ግጥምን ይገድላል። እኔ ከግጥሙ ሁሉ የወደድኩት የመጨረሻዋን ስንኝ ነው፣ ምክንያቱም እሷ ብቻ ናት ከእስር ቤት ያመለጠችው። ግማሽ ናት፣ ቤት አትመታም፣ ግን ሁሉንም ታክላለች። የማታ ፈረቃ፣ ሙሉውን እንደሱ አድርገሽ ጻፊው።

---

ስንኝ ቆጣሪ (ሰኞ ሌሊት)

ሙሉው ግማሽ ቢሆን ያቺ ግማሽ መሆኗን በምን ታውቅ ነበር?

---

ቤት አልባ (ሰኞ ሌሊት)

😀 እሺ። ይቺን ወስደሃታል።

---

የጉባኤ ልጅ (ማክሰኞ ጠዋት)

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ስለ ቤቱ ማንም ሳይናገር ነግቷልና እኔ ልበል።

እኛ ባደግንበት ቅኔ ቤት ነገሩ ጥብቅ ነበር። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሁሉም በአንድ ፊደል ነው የሚዘጋው። በአማርኛው ግጥም ግን ሁለት ሁለቱ ከተጋጠሙ ይበቃል፣ ይህችም እንደዚያ ናት። ሰባት ጥንድ አላት። ሰባቱም ግን እኩል አይደሉም።

«መሽቶብኛል» እና «ጥሎኛል»፣ «አየሁኝ» እና «ተጽናናሁኝ»። ይመታሉ። ግን በርካሽ ነው የሚመቱት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ግሡ ደግሞ ቅጥያውን ይጎትታል። «ኛል» ከ«ኛል» ጋር መግጠሙ የባለቅኔው ሙያ አይደለም፣ የቋንቋው ስጦታ ነው። ማንም ገበያ ወጥቶ ሲከራከር በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ይገጥማል።

«አይደል» እና «በደል» ግን ሌላ ነው። አንዱ ማሰሪያ፣ አንዱ ስም። ትርጉማቸውም ይጣላል። «አይደል?» ብሎ ሰበብ የሚለምን አፍ ወዲያው «በደል» የሚለውን ቃል ራሱ ያመጣዋል። ማንም ሳይከሳት ራሷን ከሰሰች። ከሁሉ የበለጠው ቤት ይኸኛው ነው።

«ሥራ እንደሚበዛኝ» እና «ወሬ የሚመቸኝ» ላላ ይላል። ፊደሉ «ኝ» አንድ ነው፣ ከፊቱ ያለው ግን «ዛ» እና «ቸ» ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ሕዝቡ ራሱ የገጠመው አለ፦

ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፤
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያ ድረስ።

«ሣሥ» እና «ረስ»። መጨረሻው ብቻ ነው የሚገናኘው፣ ማንም ግን ጎደለ ብሎ አያውቅም። ልብ በሉ ደግሞ፣ «ታኅሣሥ» ውስጥ ያለችው «ኅ» ካልተሰማች ሐረጉ አምስት ነው። ዘፋኙ «ታ–ኅ–ሣሥ» ብሎ ያስረዝማታል። ስለዚህ ስንኝ ቆጣሪ፣ የልጅቱን «እ» አትንካባት። የዓባይን ግጥም ማን አረመው?

---

ስንኝ ቆጣሪ (ማክሰኞ ጠዋት)

የኔታ፣ ለዓባይ ዜማ አለው፣ ዜማው ይጎትተዋል። እሷ ግን ማይክ ይዛ ቆማ ልታነብ ነው። የሚጎትትላት የለም።

---

የጉባኤ ልጅ (ማክሰኞ ጠዋት)

ትንፋሽ አለላት። «ነገ» ብላ ትረፍ፣ ከዚያ «እሑድ አይደል?» ትበል። ሰበብ የሚፈጥር ሰው እኮ እዚያ ጋ ያመነታል። «ነገ… እሑድ አይደል?» አንተም ብትሆን።

የኔታ ግን አትበለኝ። ቅኔውን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት።

---

የማታ ፈረቃ (ማክሰኞ፣ እዚህ ገና ሌሊት ነው)

ፈረቃ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው። ጋሼ የጉባኤ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሞከርኩት። «ነገ» ላይ ሳርፍ ይሠራል። ስንኝ ቆጣሪ፣ አንተም እውነትህን ነው፣ ሳላርፍ ካነበብኩት ይወድቃል። ያለ ማንከስ አትሄድም ማለት ነው፣ እንግዲህ በዱላ እናስኪዳት።

የአዝማቹ ነገርስ?

---

ሽሮ ሜዳ (ማክሰኞ ከሰዓት)

እኔ ስለ አዝማቹ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ትናንት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አዝማች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዘፈን አዝማች ነው። ሕዝቡ አብሮ እንዲል ተብሎ ይመለሳል፣ ሲመለስ ያው ነው። ሁለተኛው በሑዳዴ በገና ስትሰሙ የምታገኙት ነው። በገና ደርዳሪው ያንኑ ቃል ይመልሰዋል፣ ግን በመካከል የነገረህ ነገር ስላለ ሲመለስ ያው አይደለም። የዚህች ግጥም አዝማች ሁለተኛው ነው። እያንዳንዱን እዩት።

የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ነው። ደክሟታል፣ ነገ ትደውላለች። ማንም ያምናታል።

ሁለተኛው ላይ «ነገ እደውላለሁ፣ ቅዳሜም ደረሰ» ትላለች። ቃሉና የቃሉ መፍረስ አንድ ስንኝ ውስጥ ገቡ። በኮማ ብቻ ነው የተለያዩት። እዚህ ጋ ነው የጠረጠርኳት።

ሦስተኛው ላይ «ነገ» በአንድ ስንኝ ሁለቴ መጣ። ሰው ሲዋሽ ቃል ይደጋግማል። አጎቴ ብድር ሲጠየቅ «ነገ፣ ነገ» ነው የሚለው።

ቀጥሎ ያለው ግን የግጥሙ ዋና ጨዋታ ነው። አዝማቹ ሁሌ የሚመጣው የአንጓው መጀመሪያ ላይ ነው። አንደኛ፣ አምስተኛ፣ ዘጠነኛ ስንኝ። ጆሯችን ለመደው። ስለዚህ አሥራ ሦስተኛው ላይ ይመጣል ብለን ተዘጋጀን። አልመጣም። በቦታው «እስካሁን ስልኬ ላይ» አለች። ወንድሟ ከደወለ በኋላ «ነገ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። እኛ ደግሞ እየጠበቅነው ነው። ሁለት ስንኝ ሙሉ አስጠብቃን፣ ተስፋ ስንቆርጥ መጣ። በመጣ ጊዜ የሚደወልለት ሰው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ። የቀን ስሞቹን ተከተሉ። ዛሬ፣ ነገ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ከዚያ «ሌሊት» ይመጣል። ከሌሊት በኋላ የቀን ስም የለም። «እስካሁን» ብቻ። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አናውቅም። ሳምንት ይሁን ሰባት ዓመት።

ስለዚህ አያሰለችም። አራት ጊዜ ነው የመጣው፣ አምስተኛ ቢጨመር ግን ይበላሻል።

---

ብርሌ (ማክሰኞ ከሰዓት)

ሽሮ ሜዳ አንቺ አስተማሪ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ሦስቴ አንብቤው አሥራ ሦስተኛው ላይ መቅረቱን አላየሁም። ግን የሆነ ነገር እንደጎደለ ተሰምቶኝ ነበር።

---

ሽሮ ሜዳ (ማክሰኞ ከሰዓት)

አይ፣ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ገበያ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ።

---

ስንኝ ቆጣሪ (ማክሰኞ ማታ)

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። «አልሰረዝኩም»፣ «አይጠራም»፣ «አላውቅም»። ሁለት ስንኝ ውስጥ ሦስት አሉታ። ከዚያ በፊት ግጥሙ ሙሉ ለሙሉ በ«አዎ» ነበር የሚሄደው፦ ታውቃለች፣ የሚመቸኝ፣ ሰላም ነች። «አይደል» እንኳ መካድ አይደለም፣ ማባበል ነው። መጨረሻ ላይ ግን እየካደች ነው የምትናገረው። ሦስቱም በ«ም» ያልቃሉ። «ም» ላይ ከንፈር ይገጥማል። እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አፋችሁ ሦስቴ ይዘጋል።

ቤቱ «ኩም» እና «ቅም» መሆኑም ላላ ያለ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው የሚገናኘው። ቀድሞ «ደል» ከ«ደል»፣ «ዋይ» ከ«ላይ» እያለች ጥብቅ አድርጋ መጥታ እዚህ ለቀቅ አደረገችው። ለእኔ ትክክል ነው።

የማልቀበለው የመጨረሻዋን ግማሽ ስንኝ ነው። በወረቀት ላይ ታምራለች። መድረክ ላይ ግን ሰው የረሳች ይመስለዋል። የወል ቤት የለመደ ጆሮ ሁለተኛውን ሐረግ ይጠብቃል። አንዱ ከኋላ «ቀጥይ!» ይላል፣ እመኑኝ፣ አይቻለሁ።

---

ብርሌ (ማክሰኞ ማታ)

እንዲህ ብትሞላውስ? «ነገ እደውላለሁ፣ እርሷ ብታነሣኝ»

ቆጥሬዋለሁ፣ ስድስት ነው 😎

---

ቤት አልባ (ማክሰኞ ማታ)

ኧረ በእናትህ! ቆጠራ ይገድላል ያልኩት ይሄን ነበር።

---

ሽሮ ሜዳ (ማክሰኞ ማታ)

ብርሌ ቆጠራህ ልክ ነው፣ ጎበዝ። ግን ልንሰማው የማይገባውን ነገርከን። «እርሷ ብታነሣኝ» የሚለውን ሁሉም ሰው በሆዱ ይለዋል። በሆዱ ያለውን በጆሮው ስትነግረው ይቀዘቅዛል።

---

የጉባኤ ልጅ (ረቡዕ ጠዋት)

ግማሹ ይቅር። ግን ስንኝ ቆጣሪ የፈራው ያስፈራል። መድኃኒቱ አነባበብ ነው። «ነገ እደውላለሁ» ካለች በኋላ ወረቀቱን አታጥፍ፣ «አመሰግናለሁ» አትበል፣ ከማይኩም አትራቅ። የቀረውን ስድስት ቀለም በዝምታ በሆዷ ትቁጠረው። ከዚያ ቀና ትበል። ያኔ ሕዝቡ የጠፋው ሐረግ መሆኑን ያውቃል።

---

ቤት አልባ (ረቡዕ ጠዋት)

ከወል ቤት ጋር ጠብ የለኝም፣ ልጠይቅ ብቻ። በሰንጎ መገን ቢሆን ምን ይሆን ነበር? አጭር አጭር ስለሆነ ለስልክ አይቀርብም?

---

ስንኝ ቆጣሪ (ረቡዕ ጠዋት)

ሞክረን እንየው፣ አምስት አምስት፦

ዛሬ መሽቷልና ነገ ልደውል፤
ወሬው አይሮጥም ብዘገይ ብውል።

ሰማኸው? እግሩ ያስጨፍራል። ሰበቡ ሁሉ ቀልድ ሆነ። የሠርግ ቤት ሽሙጥ እንጂ የሚያሳስብ ግጥም አይሆንም። ስድስቷ ቀለም አንዲት ትንፋሽ ታተርፋለች፣ ሰው የሚያስበው በዚያች ነው። ሌላም አለ። የወል ቤት የለቅሶም ቤት ነው። አልቃሽ የምታወርደው ሙሾ ብዙው በዚሁ ምት ነው። ግጥሟ የስልክ ወሬ መስላ ትጀምርና ምቷን ሳትቀይር ሙሾ ሆና ትገኛለች።

---

አወያይ (ረቡዕ)

የቪዛ ማስታወቂያ የለጠፈው ሰው መልእክት ተነሥቷል። ቀጥሉ።

---

ሽሮ ሜዳ (ረቡዕ ማታ)

እኔ አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቅሬታ አለኝ። «ሳግ ብቻ ሰማሁኝ ከባሕር ማዶ ላይ»።

«ሳግ ብቻ ሰማሁኝ» ድንቅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ ያሉ ወዳጆች ተጠርተው፣ ማልደው ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። ወንድምየው ደንቡን አልቻለበትም፣ ደወለ፣ ግን ቃሉን አልተናገረም። ይሄን ሁሉ በስድስት ቀለም ነው ያልሽው።

«ከባሕር ማዶ ላይ» ግን ምንድን ነው? ወንድምሽ አገር ቤት መሆኑን እናውቃለን። «ላይ» ደግሞ ምንም አይሠራም፣ «ደዋይ»ን ለመምታት ብቻ ነው የገባችው። ከማዶ ይባላል እንጂ ከማዶ ላይ ማን ይላል?

---

የማታ ፈረቃ (ረቡዕ ማታ)

እውነትሽን ነው፣ ሽሮ ሜዳ። ያቺ «ላይ» እኔንም ስትቆረቁረኝ ነበር። ብዙ ሞክሬ ነው የተውኳት።

---

ስንኝ ቆጣሪ (ረቡዕ ማታ)

ሁለቱንም ስንኝ ቀይሪያቸው። ለምሳሌ፦

ሌሊት ተደወለ፣ ወንድሜ ነበረ፤
ሄሎ ስለው ጊዜ ሳጉ ተናገረ።

ስድስት ስድስት ነው፣ ቤቱም ጥብቅ ነው። «በረ» እና «ገረ»።

---

የጉባኤ ልጅ (ኀሙስ ጠዋት)

እንዳትነኪያት ልጄ! «ደዋይ»ን እንዳትነኪ!

ቃሏን ክፈሏት። ደ–ዋይ። መጨረሻዋ «ዋይ» ነው። መርዶው ሳይነገር ቤቱ ራሱ ዋይ አለ። ሰሙ ስልክ የሚደውል ሰው ነው፣ ወርቁ ለቅሶ ነው። ይህን «ነበረ» ከሚሉት ቃል ጋር የሚለውጥ ሰው ወርቁን ጥሎ ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ቤት መምቻው ያለው እዚህ ነው፣ ሌላውን ፈልጉ። «ሳጉ ተናገረ»ም ብልጣብልጥ ነው። ሳግ አይናገርም፣ ለዚህ እኮ ነው ሳግ የሆነው።

---

የማታ ፈረቃ (ኀሙስ)

ጋሼ፣ ይሄንን ስጽፍ አላሰብኩትም ነበር። ደዋይ ያልኩት ደዋይ ስለሆነ ብቻ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

---

ብርሌ (ኀሙስ)

እንግዲህ በ«ኣይ» የሚጨርስ ፈልጉ። ሰማይ፣ ጉዳይ፣ ስቃይ፣ አዋይ…

---

ቤት አልባ (ኀሙስ)

«ጨለመብኝ ሰማይ» የሚል ካለ ከዚህ መድረክ እወጣለሁ።

---

ሽሮ ሜዳ (ኀሙስ ማታ)

አንድ ነገር ልጠይቅ። አንቺ ያለሽበት ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ስንት ነው?

---

የማታ ፈረቃ (ኀሙስ)

አሁን በበጋችን ሰባት ሰዓት ነው ልዩነቱ። እናንተ ጋ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ክረምታችን ሲገባ ስምንት ይሆናል።

---

ሽሮ ሜዳ (ኀሙስ ማታ)

አይደል! እንግዲህ አንቺ ጋ እኩለ ሌሊት ከሆነ እኛ ጋ ነግቷል ማለት ነው። ወንድምሽ የደወለው ጠዋት ነው። ድንኳን እየተተከለ፣ ጎረቤት እየገባ። ያንቺ ሌሊት የእሱ ጠዋት ነው። ባሕር ማዶ ከማለት ይሄንን በይ፦

ሌሊት ተደወለ፣ ወንድሜ ነው ደዋይ፤
ሳግ ብቻ ሰማሁኝ፣ እዛ ወጥቷል ፀሐይ።

እዛ–ወጥ–ቷል… ቆይ ስንኝ ቆጣሪ ይቁጠርልኝ።

---

ስንኝ ቆጣሪ (ኀሙስ ማታ)

እ–ዛ–ወጥ–ቷል–ፀ–ሐይ። ስድስት። «እዚያ» ካልሽ ሰባት ይሆናል፣ «እዛ» ብለሽ ተዪው። የእኔን ወርውሩት።

---

ቤት አልባ (ኀሙስ ማታ)

ርቀቱን ሳትናገር በሰዓት ነገረችን። «ዛሬስ መሽቶብኛል» የሚለው የመጀመሪያው ሰበብም አሁን ሌላ መልክ ያዘ። እሷ ጋ ሲመሽ እናትየው ተኝታለች። ጠዋት መደወል ነበረባት።

---

የማታ ፈረቃ (ዓርብ)

ወሰድኩት። ሽሮ ሜዳ፣ ስምሽን ባውቅ መድረክ ላይ እጠራሽ ነበር። «እሑድ» እንዳለ ይቀራል፣ በትንፋሽ። ግማሿ ስንኝም ትቀራለች፣ ስድስት በሆዴ እቆጥራለሁ። «አየሁኝ» እና «ተጽናናሁኝ» ርካሽ ናቸው ብለውኛል ጋሼ፣ እነሱን ግን አልነካም። እዚያ ጋ ሰውየዋ ራሷን በርካሽ ነው የምታጽናናው።

---

የጉባኤ ልጅ (ዓርብ)

ይሁን፣ ተረትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ፀሐይ «ወጥታለች» ነው የሚባለው፣ «ወጥቷል» አይደለም።

---

ስንኝ ቆጣሪ (ዓርብ)

ጋሼ፣ «እዛ ወጥታለች ፀሐይ» ካልን አንድ ቀለም ይተርፋል።

---

ሽሮ ሜዳ (ዓርብ)

እኛ ሰፈር ደግሞ «ፀሐይ ወጥቷል፣ ልብሱን አስጡት» ነው የሚባለው። ማንም አርሞን አያውቅም።